ሞርፊን፣ የነርቭ ሕዋስና «ሱስ» የሚለው ቃል

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን ሳይንሳዊ አስተያየትና አንድን የአማርኛ ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ነው። አስተያየቱ፣ ሞርፊንና የእርሱ ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ለብዙ ጊዜ ሲወሰዱ የነርቭ ሕዋስ ፕሮቲኖች ይለወጣሉ፤ ይህም ለውጥ ራሱ ሱስ ነው የሚል ነው። ቃሉም «ሱስ» ነው። የአስተያየቱ የመጀመሪያ ክፍል እውነት ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። ሁለቱ ተቀላቅለው የቀሩት በከፊል በሊቃውንቱ አጻጻፍ፣ በከፊል ደግሞ በእኛ አነጋገር ምክንያት ሲሆን፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ናቸው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሞርፊን የሚገኘው ከኦፒየም፣ ማለት ያልበሰለው የፖፒ ፍሬ ሲበጣ ከሚወጣው ወተት ነው። ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ፍሪድሪሽ ዘርቱርነር በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሞርፊንን ከኦፒየም ለይቶ አወጣ። ነገር ግን መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የት እንደሚያርፍ ሳይታወቅ ከ160 ዓመት በላይ አለፈ። በ1973 ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር በጆንስ ሆፕኪንስ፣ ኤሪክ ሳይመን በኒው ዮርክ፣ ላርስ ቴሬኒየስ በኡፕሳላ፣ ሞርፊንን የሚቀበሉ ቦታዎች በአንጎል ውስጥ መኖራቸውን በየፊናቸው አሳዩ። በ1975 ደግሞ ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በአበርዲን፣ አንጎል ራሱ የሚሠራቸውን፣ በሥራቸው ሞርፊንን የሚመስሉ ኤንኬፋሊን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አገኙ። እንግዲህ ተቀባዩ ለፖፒ ሲባል የተሠራ አይደለም፤ የገዛ ሰውነታችንን መልእክት የሚቀበል ነው።

ይህ ተቀባይ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተሰክቶ የሚኖር ፕሮቲን ነው። ሞርፊን ሲይዘው በውስጥ በኩል ያሉትን ጂ ፕሮቲኖች ይቀሰቅሳል። እነዚህም አዴኒሌት ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይገታሉ፣ የፖታሲየምን መተላለፊያ ይከፍታሉ፣ የካልሲየምን መተላለፊያ ይዘጋሉ። በዚህ ምክንያት ሕዋሱ ጸጥ ይላል፤ የሕመሙም መልእክት ይደክማል። አዴኒሌት ሳይክሌዝ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ኢንዛይሙ ሲገታ መልእክተኛው ያንሳል። ይህ የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ነው። ጥያቄው መድኃኒቱ ቀንና ሳምንት ሲቆይ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት ጽሑፎች ቀዳሚው ሻርማ፣ ክሊና ኒረንበርግ በ1975 ያወጡት ነው። ማርሻል ኒረንበርግ የዘርን ምስጢራዊ ጽሕፈት በመፍታቱ በ1968 የኖቤልን ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሶች ላይ ሞርፊን ጨመሩ፤ ኢንዛይሙም ተገታ። ሕዋሶቹ ለቀናት ሞርፊን ውስጥ ሲቆዩ ግን የኢንዛይሙ ኃይል እያደገ ሄዶ፣ ሞርፊኑ እዚያው እያለ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ወደ ቀድሞ ልኩ ተመለሰ። ሞርፊኑ በድንገት ሲወገድ ደግሞ ከልኩ እጅግ አለፈ። በጉና ተራራ ነፋስ ላይ ተደግፎ የሚሄድ ሰው ነፋሱ በድንገት ቢቆም ወደ ፊት እንደሚወድቅ ማለት ነው። የጽሑፉም አርእስት በዚህ ግኝት ተመሥርቶ፣ የአንዱ ኢንዛይም ሁለት ዓይነት ቁጥጥር ለመላመድም ለጥገኝነትም ምክንያቱ ነው ይላል።

መላመድ ማለት ትናንት ሕመሙን ያስታገሠው መጠን ዛሬ አለመብቃቱ ነው። ጥገኝነት ማለት መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰውነት መታመሙ፣ ማለት ማላቡ፣ ማዛጋቱ፣ መንቀጥቀጡ፣ ሆዱ መታወኩ ነው። ጽሑፉ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ምክንያት ለማስረዳት መሞከሩ የሚያስደንቅ ድፍረት ነው። ሐሳቡ ቀላልና በመለኪያ የሚፈተን በመሆኑ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የሚሄዱበትን መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው በሕዋሱ ላይ ነው። የተጠኑት ሕዋሶች ከአይጥ የነርቭ ዕጢና ከሌላ ዓይነት አይጥ የግሊያ ዕጢ የተዳቀሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ሕዋስ ኢንዛይምን ለመለካት ይመቻል። ነገር ግን ሕመም የለውም፣ አይመኝም፣ ነገ መድኃኒት አገኛለሁ ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ስለ አንድ ሕዋስ የተገኘውን ወደ ሰው ጠባይ ለማሻገር በመካከሉ ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ መውጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በተቀባዩ ላይ ነው። በእነዚህ ሕዋሶች ሽፋን ላይ ያለው ዴልታ የተባለው የተቀባይ ዓይነት መሆኑ ኋላ ታወቀ። በ1996 ደግሞ በስትራስቡር የብሪጂት ኪፈር ጓዶች ሙ የተባለውን ተቀባይ የሚሠራው ዘር የጠፋባቸውን አይጦች አቅርበው፣ በእነርሱ ላይ ሞርፊን ሕመምን እንደማያስታግሥ፣ ደስታም እንደማይሰጥ፣ ሲቋረጥም እንደማያሳምም አሳዩ። ስለዚህ በእንስሳው አካል የሞርፊን ዋና በር ሙ ሲሆን፣ በ1975 የተለካው በሌላ በር ነበር። ይህን በዚያ ጊዜ ሊያውቁት ስለማይችሉ በእነርሱ ላይ አንፈርድም። ዛሬ ጽሑፉን የሚጠቅስ ሰው ግን ይህን አብሮ ሊያነሣ ይገባዋል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጉድለት ሁለቱን ነገሮች በአንድ ገመድ ማሰሩ ነው። ሞርፊን የያዘው ተቀባይ በሌሎች ኢንዛይሞች የፎስፌት ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያም ቤታ አሬስቲን የተባለ ፕሮቲን መጥቶ ይይዘውና ተቀባዩ ከጂ ፕሮቲኖቹ ጋር ያለውን ግንኙነት ያቋርጣል። በ2000 ላውራ ቦንና ጓደኞቿ በዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ቤታ አሬስቲን 2 በሌላቸው አይጦች ላይ ሞርፊንን ደጋግመው ሰጡ። በጋለ ሳህን በተደረገው ፈተና አይጦቹ መድኃኒቱን አልተላመዱትም፤ ሕመምን ማስታገሡን ቀጠለ። ነገር ግን የሞርፊንን ሥራ የሚያፈርሰው ናሎክሶን ሲሰጣቸው እንደ ሌሎቹ አይጦች ታመሙ። የአዴኒሌት ሳይክሌዝም ኃይል በእነርሱ እንደ ሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። በአንድ እንስሳ ውስጥ ጥገኝነት ኖሮ መላመድ ከታጣ፣ የአንዱ ምክንያት ለሌላው በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በእርግጥ በ2002 ይኸው ቡድን ጅራትን በሙቀት በመንካት ሲፈትን መላመድ ዘግይቶም ቢሆን እንደሚመጣ አይቷል። ይህም መላመድ ራሱ ከአንድ በላይ መንገድ እንዳለው ያሳያል እንጂ ሁለቱን መልሶ አንድ አያደርጋቸውም።

እስካሁን ስለ መላመድና ስለ ጥገኝነት ብቻ ተናግረናል። ሦስተኛው ነገር፣ ማለት ሰው ጉዳቱን እያወቀ፣ ቤቱ እየፈረሰ፣ መድኃኒቱን ከመፈለግ ራሱን መግታት አለመቻሉ፣ ገና አልተነሣም። ሱስ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ይህ ነው። የጥገኝነት ምልክቶች ሲጠኑ በብዛት የሚጠቀሰው ሎከስ ሴሩሌየስ የተባለው በአንጎል ግንድ ያለ ትንሽ ስፍራ ነው። በዚያ ሞርፊን ሲቆይ አዴኒሌት ሳይክሌዝና ተከታዮቹ ፕሮቲኖች ከፍ ይላሉ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕዋሶቹ ከልክ በላይ ይተኩሳሉ። ክሬብ የተባለው ዘርን የሚያነቃቃ ፕሮቲን የተጓደለባቸው አይጦች የማቋረጥ ሕመማቸው ቀላል መሆኑም በ1996 ታይቷል። ከመሻት ጋር የሚያያዘው ኑክሊየስ አኩምበንስ ግን ሌላ ስፍራ ነው። በዚያ ዴልታ ፎስቢ የተባለ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ የሚያስደንቀውም መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ለሳምንታት መቆየቱ ነው።

እዚህ ላይ ለራሴ ክርክር የማይመቸውን መደበቅ አይገባኝም። በ2006 የወጣ ጥናት ዴልታ ፎስቢ በአኩምበንስ እንዲበዛባቸው የተደረጉ አይጦች ለሞርፊን ደስታ ይበልጥ ንቁ እንደ ሆኑ፣ ከዚህም ጋር መላመዳቸውና ጥገኝነታቸው እንደ ፈጠነ ገልጧል። እንግዲህ ሦስቱ በግንብ የተለያዩ አይደሉም፤ የሚገናኙባቸው መንገዶች አሉ። ነገር ግን ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳርም ወደ ጋይንትም መንገድ መኖሩ ሦስቱን ከተሞች አንድ ከተማ አያደርጋቸውም። በጊዜም ይለያያሉ። የሞርፊን የማቋረጥ ሕመም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በርትቶ በሳምንት ገደማ ያልፋል። ሱሰኛውን መልሶ የሚጥለው መሻት ግን ከወራት በኋላም ይነሣል። በሳምንት የሚያልፈው ነገር ከወራት በኋላ ለሚነሣው ብቸኛ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሳይንስን ስም ግን የሚያወጣው ሰው ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። በአማርኛ የቡና ሱስ፣ የትምባሆ ሱስ፣ የጫት ሱስ፣ የኳስ ሱስ፣ የሞርፊንም ሱስ እንላለን። በደቡብ ጎንደር ደጋ ማንም የሚያውቀውን የቡና ሱስ እንውሰድ። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው፣ ማታ በ1 ሰዓት ቡና ጠጥቶ እንደ ሆነ፣ እስኪገድፍ ድረስ 20 ሰዓት ያለ ቡና ይቆያል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ሲቋረጥ ራስ ምታት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ረኃብና ጥማትም የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም «ሱሴ ተነሣብኝ» ማለቱ በከፊል ትክክል ነው። የነርቭ ሕዋሱም ነገር ተመሳሳይ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን ተቀባዮች ይዘጋል፤ በአይጦች እንደ ታየው ለብዙ ቀን ሲወሰድ እነዚህ ተቀባዮች በቁጥር ይጨምራሉ።

እንግዲህ የቡና ጠጪው ፕሮቲኖች ተለውጠዋል፤ ሲያቋርጥም ይታመማል። ነገር ግን ለአቦል ሲል በሬውን የሸጠ፣ ልጆቹን ያስራበ፣ ጎረቤቱን የሰረቀ ሰው አላየንም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 ባወጣው መመሪያ የካፌይንን የማቋረጥ ሕመም እንደ በሽታ ሲመዘግብ፣ የካፌይን ሱስን ግን ወደ ፊት ሊጠና የሚገባው ብሎ አቆይቶታል። በቡና ላይ «ሱስ» የሚለው ቃል ጨዋታ ነው፤ አያስፈራም። ይኸው ቃል ወደ ሞርፊን ሲሻገር ግን ከወንበዴነትና ከእብደት ጋር ተያይዞ ይሰማል። በአንድ ቃል ውስጥ የራስ ምታቱም ጥፋቱም አብረው ስለ ተቀመጡ፣ ስለ ራስ ምታቱ ስንናገር ሰሚው ጥፋቱን ይሰማል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጉድለት ነው ማለት አይደለም። ይኸው የአሜሪካ ማኅበር በ1987 መመሪያው ሱስን «ጥገኝነት» በሚል ስም ጠርቶት ነበር። ከ25 ዓመት በላይ ግራ መጋባት ከተከተለ በኋላ በ2013 ስሙን ለወጠ። በአዲሱም መመሪያ፣ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ በአግባቡ የሚወስድ ሰው ላይ የሚታዩት መላመድና የማቋረጥ ሕመም ለሱስ ምልክትነት እንዳይቆጠሩ ደነገገ።

የዚህ ሁሉ ጉዳይ ከቃላት ክርክር የሚያልፈው በሕመምተኛው አልጋ ዘንድ ነው። እንበል፣ አንዲት የስማዳ እናት ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ደብረ ታቦር ድረስ መጥተዋል። ሞርፊን ታዘዘላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጠኑ አነሰባቸው፤ ይህ መላመድ ወይም የበሽታው መጨመር ነው። አንድ ቀን መድኃኒቱ ሳይደርስ ቢቀር አላባቸው፣ ተንቀጠቀጡ፤ ይህ ጥገኝነት ነው። ልጃቸው ግን «እማዬን ሱስ አስያዟት» ይላል። ይህን ቃል የሰማ ዘመድ መድኃኒቱን ያስጥላል፤ ጀማሪው ባለሙያም መጠኑን ለመጨመር ይፈራል። እናቲቱ ራሳቸው ሕመምን ችሎ ዝም ማለት በሚከበርበት አገር ያደጉ ስለ ሆኑ አያጉረመርሙም። ሱስ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። የጠፋ ነገር ቢኖር የአንዲት ሰው የመጨረሻ ወራት ዕረፍት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 ስለ ካንሰር ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ሞርፊን ሲያስፈልግ በአፍ፣ በተወሰነ ሰዓትና በሕመሙ ልክ እንዲሰጥ አስተምሯል። ስለ ናርኮቲክ መድኃኒቶች የተደረገው የ1961 ዓለም አቀፍ ስምምነትም በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገሥ አስፈላጊ መሆናቸውን ይመሰክራል። በ2017 የላንሴት ኮሚሽን እንዳሳየው ግን በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው፣ በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆነው የዚህ ወገን መድኃኒት፣ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ከ3,000 ክፍል አንዱ ማለት ነው። ለዚህ ልዩነት ድህነት፣ የግዢ አሠራርና ጥብቅ ሕግ ምክንያቶች ናቸው፤ የሱስ ፍርሃትም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። በ2013 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ነሐሴ ወር ላይ፣ ጦርነቱ በጋይንት በኩል ወደ ደብረ ታቦር በቀረበ ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ነገር የካንሰር ሕመምተኞች ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን የአካባቢው ሰው ሁሉ ዐውቋል።

በዚህ ላይ አንድ ጽኑ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ጥገኝነት እንጂ ሱስ አይደለም» የሚለው አነጋገር በአሜሪካ ብዙ ሰው አጥፍቷል ሊባል ይችላል፤ ይህም እውነትነት አለው። በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ እጅግ አጭር ደብዳቤ፣ በሆስፒታል ተኝተው እነዚህን መድኃኒቶች ካገኙ 11,882 ሕመምተኞች መካከል ሱስ የተመዘገበባቸው 4 ብቻ ናቸው አለ። ደብዳቤው ስለ ሆስፒታል ሕመምተኞች እንጂ መድኃኒቱን በቤታቸው ለዓመታት ስለሚወስዱ ሰዎች አልተናገረም። ሆኖም በ2017 የተደረገ ቆጠራ 608 ጊዜ ተጠቅሶ አገኘው፤ የብዙዎቹም ጠቃሾች ዓላማ ሱስ ብርቅ መሆኑን ማስረዳት ነበር። ኦክሲኮንቲን የተባለው መድኃኒት በ1996 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ኩባንያው በዚሁ ዓይነት አነጋገር ሸጠው፤ በ2007 የፐርዱ ኩባንያ አካል ስለ ሱስ አደጋ ሰውን ማሳሳቱን በፍርድ ቤት አመነ። በ2021 በዚያ አገር በእነዚህ መድኃኒቶች መጠን ማለፍ የሞቱት ከ80,000 በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹን የገደለው በስውር የሚሸጠው ፌንታኒል ነው።

ይህ ታሪክ የእኔን ክርክር የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠነክር ይመስለኛል። በደብረ ታቦር ጥገኝነትን ሱስ ብሎ የሚፈራው፣ በአሜሪካም ሱስን ጥገኝነት ብሎ የሸጠው፣ ሁለቱም የሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ሸፍነዋል። የመጀመሪያው ሕመምተኛውን በሥቃይ ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው ጤነኛውን ያጠፋዋል። ቃላቱ ቢለዩ ባለሙያው ሁለቱንም አደጋ ነጥሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምደውና መጠኑ ሲያንስ «መላመድ» እንበለው። ሲቋረጥ ሰውነት ሲታመም «የሰውነት ጥገኝነት» እንበለው። «ሱስ» የሚለውን ጉዳት እያዩ መተው ላለመቻል ብቻ እንጠብቀው። ሐኪሙና ነርሱ ለቤተ ሰቡ ሲያስረዱም ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ይጠይቁ፤ መጠኑ በቃው ወይ፣ ሲዘገይ ይታመማል ወይ፣ መድኃኒቱን ከሕመሙ ውጪ ይፈልገዋል ወይ። ለመጀመሪያው መልሱ መጠንን ማስተካከል ነው። ለሁለተኛው በሰዓቱ መስጠት፣ ሲያስፈልግም ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ለሦስተኛው ግን ሌላ ሕክምና ያስፈልጋል። ዩጋንዳ በ2004 የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ መፍቀዷ የሚያሳየው፣ ጥንቃቄና ርኅራኄ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው። በአዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሰሉ ድርጅቶች በዚህ ረገድ ሲደክሙ ቆይተዋል።

የ1975ቱ ጽሑፍ ሕዋስ እንዴት እንደሚላመድ ማየትን አስተምሮናል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ከሕዋሱ ወደ ሰው የሚያደርሰውን መንገድ ግን በአንድ ቃል መዝለል አይቻልም። «ጥገኝነት» የሚለው ቃል ለገጠሩ ሰው አይገባውም፣ ከእርሱ የተሻለ አለ የሚል አንባቢ ቢኖር ሐሳቡን በሚቀጥለው እትም ቢያቀርብልን ደስ ይለናል። ቃሉ የተሻለ ከሆነ የእኔ ይቅር፤ ልዩነቱ ግን እንዳይቀር አደራ እላለሁ።